የላቀው ፍየል

(ሞጆ፣ አቶ ላቀው ቤት። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል የሟች ሚስት የሻረግና የሟች የኳስ ሜዳ ጓደኛ ጥላዬ፣ ቀብር ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ጓዳ ገብተው ይጨቃጨቃሉ።)

የሻረግ፦ ፍየሏን አውጣት አልኩህ!

ጥላዬ፦ እትዬ፣ እሷ ከወጣች ምን ይቀራል? ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ። ይሄ የማንም ታሪክ ነው።

የሻረግ፦ ስፖርት ወዳድ፣ እንስሳ ወዳድ፣ ለቤቱ ሟች ነበር በል። አለቀ።

ጥላዬ፦ እሱንማ ብያለሁ። ግን እንዴት እንደሚወድ ካላወራሁ ማን ያምነኛል? አህያ በረኛ ያሠለጠነ ሰው እኮ ነው! ፔናልቲ በሆዷ ስትመልስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

የሻረግ፦ አህያዋ ጎሉ ላይ ተኝታ ነበር።

ጥላዬ፦ ተኝታ ነው የመለሰችው! ብትቆምማ ለብሔራዊ ቡድን ትጠራ ነበር።

የሻረግ፦ እሺ፣ አህያዋን አውራ። እከካም ውሻ ሶፋዬ ላይ አስተኝቶ፣ መዥገሩን እየነቀለ በሻይ ብርጭቆዬ ሲያጠራቅም የኖረውንም አውራ። ፍየሏን ግን አትንካ። ስሰማው ያንገሸግሸኛል።

ጥላዬ፦ እኔንስ! የዋንጫ ጨዋታ፣ አንድ ለአንድ፣ ፔናልቲ ሊመታ ኳሱ ተቀምጦ ጥሎን ወጣ። በማግስቱ እጅጌው ደም ነክቶት መጣ። «ምን ሆነህ ነው?» ብንለው «ፍየሌ ምጥ ይዟት» አይለንም! ለፍየል! በፔናልቲ ሰዓት!

የሻረግ፦ እሱ የነገራችሁ ይቺን ነው። ሌላውን አንተ ነህ የፈተልከው።

ጥላዬ፦ ትንሽ ቅመም ጣል አድርጌበታለሁ። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ግልገሉን ጎትቶ አወጣ፤ እትብቱን በጥርሱ በጠሰ፤ ልጋጉን በምላሱ ላሰ…

የሻረግ፦ ኤጭ! ላሰ?

ጥላዬ፦ ሙልጭ አድርጎ! ከዚያ አፉን ባፉ ገጥሞ እፍ አለበት። ግልገሉም አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ በረንዳው ላይ የነበረችውን ኳስ ለግቶ ሮጠ! ባልሽ ራሱ ስንቴ «ጥላዬ፣ እስቲ መጨረሻዋን ድገማት» ብሎኛል መሰለሽ።

የሻረግ፦ እሱ? ድገማት?

ጥላዬ፦ ሙች! ሌላው ሰው እየተፋ ይሸሸኛል፣ እሱ ድገማት ይለኛል።

የሻረግ፦ እየተፋ?

ጥላዬ፦ ታዲያስ! ያን ሰሞን እጁን የጨበጠው የለም። ሥጋ ቤት ስንቀመጥ ለብቻው ሳህን አደረግንለት። እዚያ ውስጥ የገባ እጅ ከኛ ጋር ይጉረስ እንዴ? እሱም ጥግ ይዞ ይበላ ነበር።

የሻረግ፦ ለብቻው ሳህን… ይሄን አልነገረኝም።

ጥላዬ፦ ምን ብሎ ይንገርሽ? እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት ይወራል?

የሻረግ፦ ጥላዬ፣ ያቺን ፍየል አይተሃታል?

ጥላዬ፦ ሸጥኳት አለ።

የሻረግ፦ እዚህ ግቢ በግ ታስሯል፣ ውሻ ታስሯል፣ ጦጣ ሳይቀር ታስሯል። ፍየል ታስራ ታውቃለች?

ጥላዬ፦ የለም… አበባዬን ትበላብኛለች ብለሽ ከልክለሽው ነበር።

የሻረግ፦ እስከ ዛሬ እንደከለከልኩ ነኝ።

ጥላዬ፦ ታዲያ ያ ደም የማን ነው?

የሻረግ፦ የኔ።

ጥላዬ፦ ምን?

የሻረግ፦ ልጆቻችን ከመወለዳቸው በፊት ነው። ፊተኞቹ ስለጨነገፉብኝ ያንኛውን እርግዝና ለማንም አልተናገርንም፤ ነጠላ ደርቤ ነው የከረምኩት። ወደ ሜዳ ሲወጣ ወገቤን ሲያመኝ አይቷል። ልቡ አላርፍ ብሎት ጥሎ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ አገኘኝ። በገዛ እጁ አዋለደኝ።

ጥላዬ፦ በእግዚአብሔር!

የሻረግ፦ አፉን ባፉ ገጥሞ እፍ ማለቱን ከየት አመጣኸው? እሱን እኮ ለሰው አልተናገርንም።

ጥላዬ፦ ከራሴ ነው! ሰው እንዲዘገንነው ብዬ! እና… ልጁስ?

የሻረግ፦ አልተነፈሰም።

ጥላዬ፦ ምነው አፌን በቆረጠው! እኔ ነኝ እኮ ሳህኑን የለየሁበት። አወጣታለሁ እትዬ፤ ፍየሏን አሁኑኑ አወጣታለሁ።

የሻረግ፦ ተዋት።

ጥላዬ፦ ሕዝብ ፊት? ሰው ሲጸየፈው?

የሻረግ፦ ይጸየፍ። እንዳለች አንብባት። ግልገሉ ተነሥቶ ሮጠ የምትለው ጋ ስትደርስ ግን፣ እሱ እንደሚልህ… ድገማት።