እናትሽ ፍሬን የላትም

ነይ ልጄ፣ ሻዩን አስቀምጪና አረፍ በይ። የልጅ ልጄ ገና አልነቃችም? ትተኛ። ዛሬ አየሩ እንዴት ደስ ይላል! ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው... መውጣት ለሚችል ሰው ማለቴ ነው።

ልጆች ሳለን መምህራችን በየማለዳው አቁመው የሚያስደግሙን አንድ ሕግ ነበር፦ «ጎማ በአስፋልቱ፣ እግር በእግረኛው መንገድ።» ሕጉን የጣሰ ተማሪ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምን ያለ ጨካኝ ዘመን ነበር! አሁንማ ሥልጡን ሰው በዝቷል።

ለምሳሌ አንድ አስተዋይ ሰው አውቃለሁ። ወደ ሥራው በብስክሌት ሲሄድ የሚጋልበው በእግረኛው መንገድ ላይ ነው። ለምን ይመስልሻል? መኪና ይፈራል! ታዲያ ተሳሳተ? መኪና መብራት አለው፣ መስታወት አለው፣ ጥሩምባ አለው፣ ፍሬን አለው። እናትሽ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ብልህ ሰው ከሁለቱ ከየትኛው ጋር መጋፋትን ይመርጣል?...

ደግሞ ትሑት ነው፤ መታየት አይወድም። የአስፋልቱን ቀኝ ዳር ይዞ ቢሄድ ሾፌሩ ሁሉ ያየው ነበር። ከግቢ ወደ ኋላ የሚወጣ ሾፌር ጎማ የሚጠብቀው ከአስፋልቱ በኩል ነዋ! እርሱ ግን ማንም ባልጠበቀው በኩል ብቅ ይላል። ባለፈው ጎረቤታችን ሐኪሙ መኪናውን ሲያወጣ ለጥቂት ነው የተረፈው። መኪና ፈርቶ ከአስፋልት ሸሸ፤ መኪናው ደግሞ ግቢ በር ላይ ጠበቀው። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ እኔ አልታደልኩም።

ባልሽ ለምን ሳለ? ውሃ ስጪው እንጂ። የሱሪውንም ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቷል፤ ሊወጣ ነው መሰለኝ። ይቆይ፤ ጨዋታ አይጠላም።

የእናትሽ ጉልበትስ እንዴት ዋለ? «ብርድ መታኝ» ብላሻለች አሉ። በየማታው ቅባት ታሺያታለሽ፤ ተባረኪ። ለመሆኑ ምን ዓይነት ብርድ እንደሆነ ጠይቀሻታል? ቲማቲም በዘንቢል ይዛ ወደ አክስትሽ ቤት ስትሄድ፣ ከበስተኋላዋ መጥቶ ክንዷን ጨረፍ አድርጓት ያለፈ ብርድ ነው። ደወሉንም አልነካም። ቲማቲሙ እስከ ቦዩ ተንከባለለ፤ እርሷም በጉልበቷ ወድቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ብርዱ ግን አስተዳደጉ ያማረ ነው፤ ዞር ሳይል «ይቅርታ፣ እማማ!» ብሏት ነው የሄደው። እማማ! በማዕድ የተለመደ አክብሮት በመንገድም አይለቅም... አይደለም እንዴ?

ፊቷን አላየም። እርሷ ግን ድምፁን አወቀችው። «ለልጄ እንዳትነግራት፤ ታዝናለች» ብላ አስማለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልረገጠችም፤ ከአንዲት እኅቷ ጋር አንድ መንገድ ለያይቷቸው በስልክ ይነፋፈቃሉ። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ የማንን ስም ጠራሁ?

ምነው አቀረቀርሽ? ባልሽም ሻዩ ቀዘቀዘበት፤ ለውጪለት።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እናትሽ በየማለዳው ወደ እኅቷ ቤት ትሄዳለች። ባልሽ በአንድ ክንዱ ይደግፋታል፤ በሌላው እጁ ብስክሌቱን ይገፋል። ዘንቢሏን መሪው ላይ ይሰቅልላታል። አክስትሽ ደጃፍ ካደረሳት በኋላ ወደ አስፋልቱ ወርዶ መጋለብ ይችላል። ቅጣት እንዳይመስልሽ! ባልሽ ምን አጠፋ? ደግነቱን አይቼ ነው የመረጥኩት።

ስሙን ያልጠራሁትን ያንን ሰው ደግሞ ሳልመርቀው አልነሣም። አሜን በሉ፤ ባልሽም ጮክ ብሎ ይበል። እግዚአብሔር ሴት ልጁን በጤና ያሳድግለት፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። እርሱንም ዕድሜ ያጥግበው። ጉልበቱ ደክሞ፣ ዘንቢሉን ይዞ፣ በእግረኛው መንገድ ዝግ ብሎ የሚራመድበት ቀን ሲደርስ... ልክ እንደ ራሱ ያለ አማች ይስጠው።