የማያስቸግሩ ልጆች

አናጢው ታላቂቱን ልጁን ተጣርቶ ተጣርቶ መልስ ቢያጣ ደሙ ፈላ። ልጅቷ እኮ ሩቅ አልነበረችም፤ ከወርክሾፑ ጥግ ጀርባዋን ሰጥታው ፍቅፋቂ ትጠርጋለች። በዚህ መሀል የእህቱ ልጅ፣ ነርሷ፣ ከሥራ ስትመለስ ዝናብ አባሯት ከደጁ ተጠለለች።

ሰው ማግኘቱ ነውና ብሶቱን ዘረገፈላት። ልጅቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ንቃዋለች፤ ትናንትም ጆሮዋን ቆንጥጦ ቀጥቷታል። እንጂማ ሁለቱ ልጆቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አስቸግረውት አያውቁም። ቢያተኩሳቸው፣ ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው፣ ከመሳቢያው ክኒን አውጥተው እርስ በርስ ይተካከማሉ። ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል፤ ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ እሱው ይወቅ!

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ልጅ የሚያውቀው የክኒኑን ቀለም ነው፤ በሽታውን አያውቅም» አለችው።

«እኛንስ ማን አከመን? ይኸው አድገናል።»

«ያላደጉት መጥተው አይነግሩዎትማ።»

ነርሷ ከልጅቷ ኋላ ሄዳ በቀኝ በኩል ቀስ ብላ ጠራቻት፤ ዝም። በግራ በኩል ስትጠራት ግን ዞረች። ሻሿን ገለጥ ብታደርገው ቀኝ ጆሮዋ በጥጥ ተወትፏል። ለካ ሲመግልባት ከርሟል፤ ከእህቷ የተረፈውን እንክብል እየከፈተች ዱቄቱን ትነሰንስበት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት አባቷ።

«ሥራ እንዳላስፈታህ ብዬ ነው።»

ትናንት የቆነጠጠው ያንኑ ጆሮ ነው። አናጢው ካልተጨረሰ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ይድን እንደሆን ሲጠይቃት ነርሷ አላባበለችውም። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት አብረው ይወስዷታል፤ መግሉ ይቆም ይሆናል፣ የጠፋው መስማት ግን መመለሱን እንጃ። በጊዜው ታይቶ ቢሆን ቀላል ነገር ነበር። አሁንም ቢሆን መድኃኒት ከልጆች እጅ ከራቀ፣ ልጅም ገና ሲያመው ለትልቅ ሰው ከተናገረ፣ በሽታው ሳይከፋ ይያዛል፤ የታናሺቱ ጆሮ እንኳ ይተርፋል ስትል መከረችው።

አናጢው ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። የመሳቢያውን ክኒን ጠራርጎ ለነርሷ አስረከበ። ታናሺቱንም ከቤት ጠርቶ ሁለቱን ልጆቹን አቅፎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትንሽም ቢያማችሁ መጀመሪያ የምትነግሩት ለእኔ ነው» አላቸው።

ታላቂቱ በደህናው ጆሮዋ በኩል ዞራ ሰማችው። ታናሺቱ ግን ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ሥራ ሲበዛብህም?» አለችው።