ጠያቂ የጨረሰው ክኒን

ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ሴት አላስቻላትም።

«እናቴ፣ ቶንሲል ነው?»

«የምን ቶንሲል! እንቅርቴ በኦፕራሲዮን ወጥቶልኝ ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት! እኔም አምና ወጥቶልኛል። ሐኪም ያዘዘልዎትን የካልሲየም ክኒን በሰዓቱ እየዋጡ ነው አይደል?»

«አልቋል።»

«በስድስት ቀን? የወር አልሰጡዎትም እንዴ?»

«ሰጥተውኝ ነበር። ጠያቂ ጨረሰው።»

«ጠያቂ?»

«ለአጥንት ጥሩ ነው ብዬ አወራሁ። አንዷ ጉልበቴን አለች፣ ሌላዋ ወገቤን። ታዲያ ብርቱካን ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ልሸኝ?»

«ውይ እናቴ! ጣትዎንና ከንፈርዎን አይነዝርዎትም?»

«ከትናንት ጀምሮ ይነዝረኛል። የሐይቁ ብርድ ነው ብዬ ጓንት ልገዛ ነው የወጣሁት።»

«በዚህ ፀሐይ ጓንት! ብርድ አይደለም፣ ካልሲየም አንሶዎት ነው። ዝም ካሉት እጅዎ ይኮማተራል፣ ልብንም ይነካል። አሁኑኑ ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ።»

«አሁን? የዕድር ሰዎች ሊጠይቁኝ ይመጣሉ እኮ።»

«እነሱ በር ላይ ይጠብቁ! ወራጅ አለ! ይነሱ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«የአንቺስ መንገድ?»

«ይደርሳል። ብቻ አዲሱን ክኒን ለእኔም እንዳይሰጡኝ።»

እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ ከሆስፒታል የወጣች ጎረቤታችንን ትናንት ልጠይቅ ሄጄ «ለእናትህ ጉልበት» ብላ የሰጠችኝን ክኒን ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩት።