ታይቷል፣ ደህና ነው

ሐሙስ ጠዋት፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የንግድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፤ ስመኝ የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ጋሽ ደባልቄ ደግሞ በየወሩ የሕንፃውን ቧንቧዎች እንዲፈትሽ የተቀጠረ ባለሙያ ነው።

ስመኝ፦ አንድ ቃል ናት የምለምንህ፣ ጋሽ ደባልቄ። «ስመኝ ቧንቧ ከፍታ አትሄድም» ብለህ ውጣ፣ በቃ።

ደባልቄ፦ እኔ እሑድ ዕለት እዚህ ነበርኩ? ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልመስክር?

ስመኝ፦ የሕንፃው አስተዳዳሪ አቶ ምትኩስ አይተው ነው? «ቅዳሜ ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍታ፣ ረስታው ሄደች፤ እሑድ ውሃው ሲመጣ ሕንፃውን አጥለቀለቀው» ነው የሚሉት። ከኛ በታች ያለው የሙሽራ ልብስ ቤት ለግንቦት ሠርግ የተዘጋጀ ሠላሳ ቬሎ ተበላሽቶበታል። ከዚህ በኋላ ማን ይስማኝ?

ደባልቄ፦ ረስተሽስ እንደሆነ? ሰው አይደለሽም?

ስመኝ፦ ሰባት ዓመት ሙሉ ሦስቱንም ቧንቧ በእጄ ጠምዝዤ ነው የምወጣው። ባሌ እንኳ «አንቺ ቤት ገብተሽም ቧንቧ ትነካኪያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ያውም የኛ ግቢ ቧንቧ ውሃ ኖሮት አያውቅም።

ደባልቄ፦ እንግዲያውስ ይቅርታ ጠይቂያቸው። አቶ ምትኩ ሲቆጡ ነው እንጂ ሆዳቸው ቡቡ ነው።

ስመኝ፦ ላላጠፋሁት? ይቅርታ ካልኩ አመንኩ ማለት ነው። ያመነች ደግሞ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የስንብት ደብዳቤዋን ተቀብላ ትወጣለች።

ደባልቄ፦ ሌላ ሕንፃ አፈላልግልሻለሁ። የማውቃቸው አስተዳዳሪዎች አሉ።

ስመኝ፦ ሕንፃ ያጠለቀለቀች ተብዬ ማን ያስጠጋኛል? ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል? ፊትህን አዙረህ ነው የምታናግረኝ።

ደባልቄ፦ ጉልበቴን አሞኝ ነው።

ስመኝ፦ ጉልበት ሲያም ዐይን ይሸሻል እንዴ? ሰኞ ጠዋት ከሁላችንም ቀድመህ የገባኸው አንተ ነህ፣ ዘበኛው ነግሮኛል። ቧንቧዎቹ ክፍት ነበሩ ወይስ ዝግ?

ደባልቄ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ስመኝ።

ስመኝ፦ አንተ ዝም ብለህ ዝንቡ እኔ አፍ ገብቷል። ክፍት ነበሩ ወይስ ዝግ?

ደባልቄ፦ ዝግ ነበሩ።

ስመኝ፦ ሦስቱም?

ደባልቄ፦ ሦስቱም። ጥብቅ ተደርገው ተዘግተው ነበር።

ስመኝ፦ ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

ደባልቄ፦ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው አጭር ቱቦ ፈንድታ ነው። ዝገት በልቷት ነበር፤ ገና ድሮ መቀየር ነበረባት። ዘበኛው ዋናውን መስመር ዘግቶት ስለነበር ቶሎ ብዬ አዲስ ገጠምኩና አሮጌዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። አቶ ምትኩ መጥተው ቢያዩ የተበላሸ ነገር የለም። «እንግዲያው ሰው ነው የከፈተው» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ስመኝ፦ የፈነዳ ቱቦ ቦርሳህ ውስጥ ይዘህ ነው እኔን ይቅርታ ጠይቂ የምትለኝ?

ደባልቄ፦ ፈራሁ።

ስመኝ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሰባት ዓመት አብረን ሠርተን፣ በአንድ ሳህን በልተን።

ደባልቄ፦ በይኝ፣ ይገባኛል። ከሰኞ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ያንቺን ስም በጠሩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ጥፋቴ ደግሞ የሰኞው ብቻ አይደለም። የፍተሻ መዝገቡን ታውቂዋለሽ፣ ዘበኛው ጋ የሚቀመጠውን? የየካቲቱን፣ የመጋቢቱን፣ የሚያዝያውን፣ ሁሉንም አንድ ቀን ዘበኛው ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት። አንደኛ ፎቅ፣ «ታይቷል፣ ደህና ነው»። ሁለተኛ ፎቅ፣ «ታይቷል፣ ደህና ነው»። ደረጃውን እግሬም አልነካው።

ስመኝ፦ አውቃለሁ።

ደባልቄ፦ ምኑን?

ስመኝ፦ እንዳልወጣህ ነዋ። ፎቁ የኔ ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ይጠፋኛል? ሦስት ወር ሙሉ አላየሁህም። ባለቤትህ ሆስፒታል መተኛቷን ስሰማ፣ እሱ የባሰ መጥቶበታል ብዬ ተውኩት።

ደባልቄ፦ ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ይህችን ብቻ ብትናገሪ ሁሉም ወደኔ ይዞር ነበር እኮ።

ስመኝ፦ ማክሰኞ አቶ ምትኩ አስጠርተውኝ ነበር። መዝገቡን ገልጠው፣ «ደባልቄ በየወሩ ይወጣል ወይ?» አሉኝ።

ደባልቄ፦ ምን አልሻቸው?

ስመኝ፦ «ወሩን ጠብቆ ይመጣል» አልኳቸው። ሚስቱ አልጋ ላይ ሆና እሱ ሥራ ቢያጣ ምን ይውጠዋል ብዬ። ቱቦ መፈንዳቱን መች አወቅኩ?

ደባልቄ፦ አፈር ልብላ። እኔ አንቺን ስሸጥ፣ አንቺ እኔን ስትሸሽጊ።

ስመኝ፦ ሰዓቱ እየደረሰ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እስኪያድር የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። ገብቼ ምን ልበላቸው?

ደባልቄ፦ ምንም። አንቺ እዚሁ ቆዪ፤ ቱቦዋን ይዤ አቶ ምትኩ ጋ እገባለሁ። ዛሬ የተጠራሁት እኔ ነኝ።