ሞተር የማያጠፉት እንግዳ

ከወረታ ወደ ይፋግ የሚወስደው መንገድ ገና አስፋልት ሳይሆን፣ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ፎገራ ሜዳ መሃል ቆመች። ድንች የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ነበር። አንገቴን አውጥቼ ሳይ የጎረቤቴ የአያ በላይነህ መኪና ነው። ወረድኩ። ከኋላዬ አንድ ወጣት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። የጨርቅ ነጋዴው የኑሩ ልጅ ፈይሰል ነበር፤ ባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት ጨርሶ መመለሱ ነው። ሚኒባሷ በእርሻው ጠርዝ ተሽሎክልካ ሄደች።

አያ በላይነህን ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቀርቦ ያጫወታቸው ግን ጥቂት ነው። መኪናቸው ከሞቀ በኋላ ከጠፋ በቁልፍ አይነሳም። ስለዚህ የሚያቆሙት ቁልቁለት አፍ ላይ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጠው ነው፤ ድንጋዩ ተነሥቶ መኪናው ቁልቁል ሲንደረደር ሞተሩ ይነሳል። ቁልቁለት ከሌለ ጭራሽ አያጠፉትም። ምሳቸውን መሪው ላይ ይበላሉ። ለቅሶ ሲደርሱ ሞተሩን እያስጮሁ ከሩቅ ያቆሙና፣ ከድንኳኑ ጫፍ ለአፍታ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሰው ለመታየት ነው የሚመጡት ይላቸው ነበር። ያ ሞተር ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሲውል ያየሁት ሚስታቸው እማማ አሰለፈች የተቀበሩ ዕለት ብቻ ነው።

ያን ዕለት በሬ ገብቶባቸው ድንገት ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ ጠፋ። ሜዳው ደግሞ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው ይፋግ ያለችው ልጃቸው ፈንታነሽ መልእክት እንደላከችባቸው ነገሩኝ። የልጇ ክርስትና ተቃርቧል። «ሞተር አጥፍተው የማይገቡ ከሆነ አይምጡብኝ» ብላቸዋለች። ይፋግ ሜዳ ነው። ካገባች ጀምሮ አባቷን የምታገኛቸው በመኪናው መስኮት፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች ነው።

«ድንቹን አራግፌ፣ ይቅርታ ጠይቄ እመለሳለሁ» አሉ አያ በላይነህ። «ምን ላድርግ? የሞቀ ሞተር አይጠፋም። እኛን ያስተማሩን ሾፌሮች እንዲህ ነው ያሉን።»

ፈይሰል በትሕትና ጎንበስ ብሎ «ጋሽ በላይነህ፣ ጠዋትስ እንዴት ነው የሚነሳው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ጠዋትማ ቁልፉን ገና ሳሳየው ነው። እንደኔው ነው፤ ሁለታችንም የምንከፋው ከረፋዱ ወዲህ ነው።» ከዚያ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ እኔም አመለከቱ። «አባትህ ጨርቅ ይሸጣል፣ ይሄ ማሩ ይሰፋል። አንተን ናፍጣ ውስጥ ምን ጣለህ?»

«ጨርቅ ስሸጥ ሜትር እያስረዘምኩ አባቴን አከሰርኩት» አለ ፈይሰል። አያ በላይነህ ሳይወዱ ሳቁ። ኮፈኑን እንዲከፍት የፈቀዱለት ስለሳቁ ይመስለኛል።

ልጁ ቁልፉን እንዲያዞሩ ለመናቸውና አዳመጠ። ቀጥሎ ያሰበውን በየተራ ነገረን። ባትሪው ደክሞ ቢሆን የሚያስቸግረው በጠዋቱ ብርድ ነበር። ሞተሪኖውም ቢሆን ሞተሩን በደንብ እያሽከረከረው ነው። የናፍጣው ቱቦ አየር ቢያስገባ ደግሞ አድሮ ሲነሳ ነበር የሚለግመው። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ቀጫጭን ቱቦዎች የአንዱን ብሎን አላላና እንደገና ያዙሩ አላቸው። በኃይል መፈናጠር የነበረበት ናፍጣ እንደ እንባ ተንጠባጠበ።

ብሎኑን መልሶ አጠበቀና ከእኔ ጨርቅ ለመነ። ከያዝኩት አቡጀዲ ቀድጄ ሰጠሁት። ከቦዩ ውሃ እየነከረ ናፍጣውን የሚገፋውን ፖምፓ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነው፤ ጨርቁ ሲሞቅ እንደገና ይነክረዋል። ፖምፓው ሲቀዘቅዝ ቁልፉ ዞረ፤ መኪናው ተነሣ።

አያ በላይነህ «በቃ፣ ከእንግዲህ አንድ ጀሪካን ውሃ እይዛለሁ» አሉ።

«የለም ጋሼ፤ ይሄ በሽታውን ማወቂያ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲያፈሱ አንድ ቀን ፖምፓው ነክሶ አልዞር ብሎ ይቀራል። ስንጥቅ ማሰሮ ውስጥ ቅቤ ቢያስቀምጡ፣ ረግቶ ሳለ ይፈሳል?»

«አይፈስም።»

«ሲቀልጥስ?»

«ይንጠባጠባል።»

«ፖምፓዎ ውስጡ ተበልቷል። ናፍጣው ቀዝቃዛ ሲሆን ወፈር ስለሚል ይገፋዋል። ሲሞቅ ይቀጥንና በተበላው በኩል ወደ ኋላ ያመልጣል። ናፍጣው ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

አያ በላይነህ ላምባ እንደሚቀላቅሉ አልደበቁም። የጉና ብርድ ናፍጣውን እንዳያረጋው ብለው ነው፤ አብረዋቸው የሚነዱትም ሁሉ እንደዚያው ያደርጋሉ።

«ላምባ ደረቅ ነው» አለ ፈይሰል። «ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው። እርስዎ ብርዱን ፈርተው የሰጡት ነገር ነው ውስጡን የበላው። ፖምፓው ይውረድ፤ ባሕር ዳር የተበላው ክፍል በአዲስ ይቀየር። የናፍጣው ማጣሪያ፣ ፊልትሮውም፣ አብሮ ይቀየር። ላምባውም ይቅር።»

እንዲህ ያለ ምክር ተሰምቶ እንዴት እንቢ ይባላል ትሉ ይሆናል። አያ በላይነህ ግን እንቢ አሉ። አንዴ መኪናው አርጅቷል አሉ፤ አንዴ የባሕር ዳር ሰው አይታመንም አሉ። በመጨረሻ ወደሚጮኸው ሞተር እያዩ፣ ለእኔ ብቻ የሚመስል ድምፅ አወጡ።

«ማሩ፣ ፖምፓው ሄዶ እስኪመለስ ይሄ መኪና ዝም ብሎ ሊቆም ነው። አሰለፈች ካረፈች ወዲህ የማወራው ከዚህ ጋር ነው። ሲጠፋ የቤቱ ጭርታ ይሰማኛል።»

የመለሰላቸው ፈይሰል ነው፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ የፈንታነሽ ቤት ውስጡ እንዴት ነው?»

«መጋረጃው አረንጓዴ ነው።»

«ከመጋረጃው ወዲያስ?»

አያ በላይነህ ከመጋረጃው ወዲያ አልፈው አያውቁም። ኮፈኑን በቀስታ ዘጉት። በኋላ «ፖምፓውን መቼ ነው የምታወርደው?» አሉ።

ደብረ ታቦር ተመልሰን ፖምፓው ወርዶ ወደ ባሕር ዳር ሲላክ፣ መኪናው ዝም ብሎ በቆመባቸው ቀናት ማምሻውን ከልብስ መስፊያዬ አጠገብ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ አናወራም፤ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ይበቃቸው ነበር። እየቆየ ስለ እማማ አሰለፈች ያወሩኝ ጀመር። ፖምፓው ታድሶ ሲመጣ ፈይሰል ገጠመው፤ እሳቸውም ሞተሩን አሙቀው አጠፉና ቁልፉን አዞሩ። ወዲያው ተነሣ። አላመኑም፤ ደጋግመው አጠፉት፣ ደጋግመው አስነሡት።

ለክርስትናው አብሬያቸው ወደ ይፋግ ወረድኩ። ሜዳው ላይ፣ ከፈንታነሽ በር ፊት ለፊት፣ ሞተሩን አጠፉ። ሰው አልወጣም። እሷ የምትወጣው ሞተሩ ደጇ ላይ መጮኹን ሲቀጥል ስለነበር፣ መምጣታችንን አላወቀችም። አያ በላይነህ ወረዱና በሩን አንኳኩ።

«ማን ነው?» አለች ከውስጥ።

ወደ እኔ ዞር አሉ። በዚያ በር ላይ እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አጥፍቼዋለሁ።»

መኪና የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ከዚህ የምትወስዱት አለ። ጠዋት ተነሥቶ ሲሞቅ እንቢ የሚል መኪና አመል አልያዘውም፤ ታሟል። ቁልቁለት መፈለግ ትታችሁ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ናፍጣውንም ንጹሑን ስጡት። አያ በላይነህ ከዚያ ወዲህ ቆመው በከንቱ የሚያነዱት ናፍጣ ቀረላቸው፤ ለቅሶም ሲደርሱ እስከ ማታ ይቀመጡ ነበር። ሲያርፉ ደብረ ታቦር ግልብጥ ብሎ ቀበራቸው። ቀድሞ ቢሆን ስንት ሰው ይመጣ እንደነበር እንጃ።

ፈንታነሽን በቅርቡ አየኋት። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ድንች የጫኑ መኪኖች በደጇ ያልፋሉ። ድምፃቸውን ሰምታ ብቅ አትልም። በሩ ሲንኳኳ ግን፣ አባቷ «አጥፍቼዋለሁ» የሚሉ ይመስል፣ ማን ነው ከማለቷ በፊት ትንሽ ትቆያለች።