በግራ እጁ የተኮሰው ሰውዬ

ሽታዬ፣ ቤት አለሽ? እንደምን ዋልሽ? ኧረ ግቢ አትበይኝ፣ እዚሁ ደጁ ላይ ይበቃኛል። ይቺን ዳጣ ላደርስልሽ ብዬ ነው። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ስፈጭ ዋልኩና፣ ጎረቤቴ ሳትቀምስ እንዴት ይሆናል አልኩ። ትንሽ ታቃጥላለች እንጂ ለቦዬ ቅቅል ማጥቀሻ ትሆንሻለች። ዝናቡስ እንዴት ነው? የእኔማ ጓሮ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና? አባወራው የሉም? ገበያ ወርደው ነው? ይሁን፣ ይሻላል። የሴት ወሬ ለወንድ አይሆንም።

ስለዚያ ሲኒማ ላጫውትሽ ነበር። አንቺ አላየሽም፣ ቤት ነበርሽ። ሳሙና ሻጮቹ በላንድሮቨር መጥተው ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ሁለት ግንድ ተከሉና ነጭ አቡጀዲ ወጠሩበት። መኪናው ላይ ያለው ሞተር እንደ ወፍጮ ሲያጓራ፣ አቡጀዲው ላይ ሰው ይንቀሳቀስ ጀመር። ሦስት ምሽት አሳዩን፣ በነፃ። ሳሙናውን ግን ማን እንደገዛው እንጃ።

ታሪኩን ብትጠይቂኝ ታሪክ የሚባል የለውም። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ በፈረስ ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ሰው በመስኮት ይወረወራል፣ እንደገና ፈረስ። ለምን እንደሚጣሉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሻጩ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ያስረዳል፣ መምህር ባዳቾ ደግሞ ወደ ወላይትኛ ይመልስልናል። ባለባርኔጣው ብዙ ይናገራል... ይናገራል... ሻጩ «ተናዷል» ይላል። ባዳቾ ደግሞ ቡጢውን ጨብጦ ያሳየናል። እሱ በቃን፣ ሁሉም ገባው።

ልንገርሽ አይደል? ባሌን ኤርካሎን ከቀበርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጥርሴን ያየ ሰው የለም። ያን ምሽት ግን አንድ ወፍራም ሰውዬ በቡጢ ተመቶ፣ ከነወንበሩ እየተንደረደረ ሄዶ የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ገባ። ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጄ አሳየሽም፣ እኔ ስስቅ አይታ፣ ሳቀች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያም ብድግ ብላ አጨበጨበች። ግብሩን ረሳሁት፣ የታመመችውን ላሜን ረሳኋት፣ ባዶውን አልጋ ረሳሁት። ያ ሁሉ ጩኸትና አቧራ ምንም አላስተማረኝም፣ እኔም እንዲያስተምረኝ አልፈለግሁም። ሰው ለአንድ ምሽት ራሱን ቢረሳ ምን ይሆናል? ኃጢአታችን እንግዲህ ይሄው ነው።

እሁድ ጸሎት ቤት ነበርሽ፣ ሰምተሻል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና... ስም አልጠራም። አንቺም አትጥሪ። ሽማግሌዎቻችን አምስት ናቸው፣ አምስቱንም ታውቂያቸዋለሽ፣ አንደኛውን ደግሞ ከእኔ በተሻለ ታውቂያቸዋለሽ። እሳቸው ተነሡና ሰርጓ የደረሰ አንዲት ልጅ በሰይጣን ጨርቅ ፊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ፣ ስታጨበጭብም ታይታለች አሉ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ከጌታ እራት ሊያግዷት ነው። የታገደች ልጅ ደግሞ ጋብቻዋ አይባረክም። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ስለ እኔ ግን ማንም ምንም አላለም። ከመበለት ምን ይወሰዳል?

የእጮኛዋን የዳልጮን ቤተሰብ ታውቂያለሽ፣ በዴሳ ከተማ ያሉትን። አባቱ ወንጌላዊ ናቸው። ወሬው ደርሷቸው፣ ጸሎት ቤት ያልባረከውን ጋብቻ አንቀበልም ብለው ልከውብኛል። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ልጄ ከእሁድ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሆዴ ተቃጥሏል ሽታዬ፣ አልዋሽሽም።

በሽማግሌው ግን አልተቀየምኩም። እንዲያውም አደነቅኳቸው። እንዴት ያለ ስብከት ነበር? ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ሲኒማውን እንደገና ያየሁት መሰለኝ። ፈረሱ ነጭ እንደነበር ተናገሩ። ቤቱ ሲቃጠል ጣራው መጀመሪያ እንደወደቀ ተናገሩ። በሦስተኛው ምሽት ባለባርኔጣው ሴቲቱን ትቷት ብቻውን እንደሄደ ሳይቀር ተናገሩ። እኔ እኮ ሦስተኛውን ምሽት አልሄድኩም፣ መጨረሻውን ያወቅሁት ከእሳቸው ስብከት ነው። ጌታ ይባርካቸው፣ ቀርቶብኝ ነበር።

አንዲት ነገር ብቻ... አንዲት ትንሽ ነገር። «ያ ነፍሰ ገዳይ በግራ እጁ ሽጉጡን መዞ፣ በግራ እጁ ወንድሙን ገደለ፣ ግራ የኃጥአን ወገን ናት» አሉ። ትዝ ይልሻል? ግራ እጃቸውን ሽቅብ አንሥተው ነበር። እኔም በልቤ፣ ቆይ፣ ሰውዬው በቀኙ አይደል እንዴ የተኮሰው አልኩ። አጠገቤ እህት ጣፈጠች ተቀምጣ ነበር፣ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ ያሉትም ዞር ዞር አሉ። አየሽ፣ ሜዳው ላይ የተቀመጥን ሁላችን በቀኙ ሲተኩስ ነው ያየነው።

እንቅልፍ ነሣኝና ሰኞ ሄጄ ባዳቾን ጠየቅሁት። መምህር አይደል? በስስ ወረቀት ላይ ትልቅ ፊደል ጻፈና ገልብጦ ወደ ብርሃን ያዘልኝ። ፊደሉ ዞሯል። «አቡጀዲው ስስ ስለሆነ ከኋላውም ያሳያል» አለኝ፣ «ከኋላ ለሚያይ ሰው ግን ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል» አለኝ። የተማረ ሰው ደስ ሲል።

ታዲያ ከአቡጀዲው ኋላ ምን አለ? ባሕር ዛፍና ጨለማ ብቻ። ሜዳው ሙሉ ቦታ እያለ፣ ሰው እንዳያየኝ ከሚል በስተቀር ማን እዚያ ጭቃ ላይ ይቆማል? ደግሞም አስቢው። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች ብለዋል። ከእኛ ኋላ የነበረ ሰው ጀርባዋን እንጂ አፏን ከየት ያያል? ከፊታችን ደግሞ ከአቡጀዲው በቀር ማንም አልነበረም። ከአቡጀዲው ጫፍ አንገቱን ብቅ ያደረገ ካልሆነ በቀር...

ኧረ እሳቸው አልነበሩም። እንዲህ ያለ ነገር በአፌም አይዞር። እሳቸውማ ሦስቱንም ምሽት ሻንቶ ድረስ በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። ይሄን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ ልበል? ያ በሽተኛ ተሻለው ወይ? ትናንት የሻንቶ ሰዎች ቅቤ ይዘው ገበያ መጥተው ነበርና ጠየቅኋቸው። «ማን ታመመ?» አሉኝ። ስንት ቀን ሙሉ ታሞ የማያውቁት ጎረቤት ይኖራቸዋል እኮ። አንቺ ምን አስደነገጠሽ? ቁጭ በይ፣ ፊትሽ ገረጣ። ሦስቱን ምሽት አባወራሽን እየጠበቅሽ ምግብ ስታሞቂ ስለሰነበትሽ ደክሞሽ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ አይቶ ለሽማግሌው ነግሯቸዋል ማለት ነው። ማን ይሆን? ማንም ይሁን፣ አልፈርድበትም። አዝንለታለሁ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጥል ሲያስታርቅ፣ የሰው ኃጢአት ሲሰማ፣ ፊቱን ሲያኮሳትር የሚውል ሰው አይደክመውም? እሱስ ፈረስ ሲጋልብ ማየት አያምረውም? ወፍራሙ ሰውዬ ገንዳ ውስጥ ሲገባ፣ እዚያ ባሕር ዛፍ ውስጥ አንድ ሰው ሳል የመሰለ ሳቅ ሲያፍን ሰምቻለሁ። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ከፊት መጥቶ ቢቀመጥ ኖሮ ቦታ እለቅለት ነበር፣ ነጠላዬንም አነጥፍለት ነበር። አብረን ስቀን አብረን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። የእኔ ልጅ የሳቀችው በሰው ፊት ነው፣ ሌላ ጥፋት የላትም።

ቅዳሜ እኔም ስብሰባው ላይ ልመጣ ነው። መበለት አትናገር የሚል ሕግ የለም፣ አለ እንዴ? አላለቅስም፣ አልጮህም። ልጄን አትንኩብኝም አልልም። በትሕትና ተነሥቼ አንዲት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ «አባቶቼ፣ ሰውዬው በየትኛው እጁ ነው የተኮሰው?» ከዚያ እቀመጣለሁ። መቼም ጉዳዩ ከቅዳሜ በፊት በሽማግሌዎቹ ዘንድ በሰላም ካለቀ ለምን እደክማለሁ? ለቅዳሜ ደግሞ ብዙ ሥራ አለብኝ፣ የሰርግ ቤት ነው። አባወራሽ ከገበያ ሲመለሱ እንደዋዛ አንሺላቸውና እሳቸው ምን እንደሚሉ ስሚ። ጥበበኛ ሰው ናቸው፣ መላ አያጡም።

በይ ልሂድ፣ ልጄን ብቻዋን ትቻታለሁ። ዳጣዋን ከአፈር አርቂያት፣ ክዳኗን አጥብቂ። ጌታ ቤትሽን ይባርክ፣ ሽታዬ። ሴቶች ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ሰርጋቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረውም፣ ልክ እንደ እኚህ ሽማግሌ ያለ፣ በጨለማ እንኳ ምንም የማያመልጠው አባት ይስጣቸው። አሜን በይ እንጂ።