ቀለም የቆጠሩ

ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠሩ ሰፈሩ «ጋሽ ማኅተም» ይላቸዋል። የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አፍስሰው ቤት ሊገዙ በወጡበት ጠዋት ለፊርማው ምስክር እንድሆን ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ቤቱ ውስጥ ይጠብቀናል። በሩ ጋ ስንደርስ፣ ከአጠገቡ ካለው ሕንፃ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ሣጥን ያንጠለጠለች ልጅ ብቅ አለች። የወንድማቸው ልጅ ናት።

«ይቺን አላውቃትም» አሉኝ፣ እሷ እየሰማች።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ» አለች ሣጥኑን አስቀምጣ።

«ምን ደኅና አድራለሁ! ደጅ ጠንቼ ወንበር ያለው ሥራ አገኘሁልሽ፤ አንቺ የሰው ቧንቧ ትፈቻለሽ። ቀለም የቆጠረች ልጅ!»

«ወንበሩን ንቄው አይደለም። ሐሳቤ አንድ ቀን ያረጀ ቤት ገዝቼ፣ አድሼ ማከራየት ነው። ቢሮ ብገባ ስለ ቤት የማውቀው በሩን መዝጋት ብቻ ይሆናል። ጥገና ላይ ግን ደመወዝ እየተከፈለኝ እማራለሁ፤ የቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ተከራይ ለምን እንደሚለቅ...»

«እኔስ ከወንበሬ ሳልነሣ አይደል ቤት የምገዛው?»

«ሠላሳ ዓመት ፈጀብዎ እንጂ።»

ይህ መባል አልነበረበትም። እኔ ጫማዬን መመርመር ጀመርኩ።

«ግቢ!» አሉ ጋሽ ማኅተም። «ወንበር ምን እንደሚገዛ እይ!»

ሻጩ ብዕሩን ከፍቶ ዘረጋላቸው። «እንደምታዩት ቤቱ ደረቅ ነው። ትናንት ነው ያስቀባሁት።»

«አንዱን ግድግዳ ብቻ?» አለች ልጅቱ።

እውነቷን ነው፤ ሦስቱ ግድግዳዎች ወይበዋል፣ አራተኛው እንደ ሙሽራ ነጥቷል። ዞራ አንኳኳቻቸው። ሦስቱ ኳ ኳ አሉ፤ ሙሽራው ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

«ከዚህ ኋላ የጎረቤቱ ሕንፃ ዋና ቧንቧ ያልፋል። ዘንድሮ ብቻ ሦስቴ ጠግነነዋል፤ ዛሬም ከእሱ ነው የመጣሁት» አለችና ካቻቢቴ አወጣች። «አጎቴ፣ ልፋቀው?»

ሻጩ ቀላ። «ማናት ይቺ? ቧንቧ ሠራተኛ የጠራ አለ?»

ጋሽ ማኅተም ብዕሩን እንደ ጨበጡ ቆሙ። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ግድግዳውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አሉ። «ፋቂው።»

ልስኑ ገና ሲነካ እንደ ረጠበ ዳቦ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ፣ ከሻጋታው ሥር ውሃ። ሻጩ ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ጀመረ።

ጋሽ ማኅተም ብዕሩን ከደኑ። «ቀለም ቆጥሬያለሁ ባይ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ከቀለሙ ሥር ያለውን አልቆጠርኩም።»

አንባቢ ሆይ፣ ወንበር አይነቀፍም፤ እኔም ይህን የምጽፈው ተቀምጬ ነው። ነገር ግን ነገ ባለቤት መሆን የሚያስብ ሰው ዛሬ ከቤት ጋር የሚያውለውን ሥራ ይምረጥ፤ ጥገናም ይሁን የቤት ዋጋ ግመታ ወይም የሰው ቤት ማከራየት። ደመወዙ ከችኮላ ይጠብቀዋል፤ ውሎው ዓይኑን ይከፍትለታል። ሌላው ለስህተቱ በሚከፍልበት ነገር፣ እሱ ሲማር ይከፈለዋል።

ስንመለስ ሣጥኑን የተሸከሙት ጋሽ ማኅተም ናቸው። ለእርዳታ እጄን ብዘረጋ ገላመጡኝ። መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

«የወንድሜ ልጅ ናት» ይሉ ነበር።